ደመወዝ ያልተቆረጠለት ሌሊት

ስለ ኔቡላ ፎቶግራፍ ሲወራ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የትልልቅ ቴሌስኮፖች ስም ነው። በተራራ ጫፍ ላይ የተገነባ ማዕከል፣ መንግሥት ወይም ባለጸጋ የለገሰው ገንዘብ፣ ሜትሮች ስፋት ያለው መስታወት፣ ኋላም በጠፈር የሚዞረው ሃብል። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲተረክ፣ በጓሮው ቴሌስኮፕ ተክሎ አንዲት የጋዝ ደመና ላይ ካሜራ ደግኖ የሚያድረው አማተር ባለሙያዎቹን ከሩቅ የሚከተል ሰው ይመስላል። የሰነዱ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። ኔቡላን በፎቶግራፍ መያዝ የተጀመረው ለዚህ ሥራ ደመወዝ ባልተቆረጠላቸው ሰዎች እጅ ነው። ሥራው ወደ ትልልቆቹ ማዕከላት የተሻገረው እነሱ መንገዱን ካሳዩ በኋላ ሲሆን፣ በአንድ አጋጣሚ እንዲያውም መሣሪያው ራሱ የተወሰደው ከእነሱ ነው። ሥራው ከምንም በላይ የሚጠይቀው የመስታወት ስፋት ሳይሆን፣ ምን እንደሚገኝ ሳይታወቅ ለአንድ ነገር ያለ ስስት የሚሰጥ ረጅም ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ጊዜ ለአለቃ ሪፖርት የማያቀርብ ሰው ይሰጣል፤ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ግን ሊሰጥ ቢፈልግ እንኳ ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚመቸው ምስክር የኦሪዮን ኔቡላ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ በሚነሳው በኦሪዮን የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ በአንድ መስመር ከተሰለፉት ሦስት ከዋክብት ዝቅ ብሎ፣ በጨለማ ሌሊት ያለ መሣሪያ እንኳ እንደ ደበዘዘ ኮከብ ይታያል። ርቀቱ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በመሃሉ የተወለዱት ወጣትና እጅግ የጋሉ ከዋክብት የሚረጩት አልትራቫዮሌት ጨረር በዙሪያቸው ካለው ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል፤ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ተመልሰው ሲያዙ ጋዙ የራሱን ብርሃን ያወጣል። ይህ ብርሃን እንደ ፀሐይ ብርሃን ቀለማቱ ሁሉ ተያይዘው የሚገኙበት አይደለም፤ በጥቂት የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብቻ የተከማቸ ነው። ከሃይድሮጅን የሚመጣው ዋነኛው ቀይ ሲሆን 656.3 ናኖሜትር ላይ ይገኛል፤ ከኦክስጅን የሚመጣው አረንጓዴ ደግሞ 500.7 ላይ። የጎረቤት ኮከብ ብርሃን በማንጸባረቅ ብቻ ከሚታዩት የአቧራ ደመናዎች የሚለየው በዚህ ነው። የቀዩን መስመር ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች በዚህ መስመር የተነሳ፣ በአንድ መቶ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ ዕውር ሆነዋል።

ከፎቶግራፍ በፊት የነበረው መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነው። ፈረንሳዊው ፔይሬስክ ደመናውን በ1610 አየው፤ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1656 ተመልክቶ ሥዕሉን በ1659 አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ ጆን ሄርሸል፣ ጆርጅ ቦንድና ሌሎችም ለዓመታት ደከሙበት። ችግሩ የሁለት ሰዎች ሥዕል አለመመሳሰሉ ነበር። ልዩነቱ ደመናው ራሱ ተለዋውጦ የመጣ ይሁን ወይስ ከሣዪው ዓይንና እጅ፣ የሚያረጋግጥ አልተገኘም። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሆልደን የቀደሙትን ሥዕሎች ጎን ለጎን አቅርቦ ለመመርመር በ1882 ያወጣው አንድ ሰፊ መጽሐፍ አስፈልጎታል። የመሣሪያ ትልቅነትም ከስህተት አላዳነም። አየርላንዳዊው ሎርድ ሮስ 1.83 ሜትር ስፋት ባለው፣ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ በነበረው ቴሌስኮፑ አይቶ፣ ኔቡላው የከዋክብት ክምችት ነው ሲል በ1846 አስታወቀ፤ በማግስቱ ዓመት የሃርቫርዱ ዊልያም ቦንድም ይህንኑ ደገመ። ሁለቱም ተሳስተዋል። (ሮስም ቢሆን ደመወዝተኛ አልነበረም፤ አማተርነት ከስህተት ይጠብቃል የሚል ክርክር የለኝም።) ነገሩን የለየው የሐር ጨርቅ ንግዱን ትቶ በደቡብ ለንደን፣ በቱልስ ሂል ቤቱ ቴሌስኮፕ የተከለው ዊልያም ሀጊንስ ነው። በኦገስት 29 ቀን 1864 ብርሃንን በየቀለሙ በሚበትን መሣሪያ ድራኮ በተባለው ስብስብ ያለችን አንዲት ኔቡላ ሲመረምር፣ ከከዋክብት የሚጠበቀውን የተያያዘ ኅብረ ቀለም ሳይሆን ተነጣጥለው የቆሙ ብሩህ መስመሮችን አገኘ። የሚበራው ጋዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኦሪዮንም ያው ሆኖ ተገኘ።

ጋዝ መሆኑ ታወቀ እንጂ መልኩ ገና አልተያዘም። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ከተገለጠ በኋላ ጨረቃ፣ ፀሐይና ደማቅ ከዋክብት በየተራ ሲነሱ ኔቡላ ለ41 ዓመት እምቢ ብሎ ቆይቷል። ዓይን የደረሰውን ብርሃን ከቅጽበት በላይ አያጠራቅምም፤ ሰዓት ሙሉ ቢፈጥጡበትም፣ ከጨለማው ጋር ከተለማመደ በኋላ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ ግን ጠብ ጠብ ከሚል ምንጭ ሥር እንደተቀመጠ እንስራ ነው፤ ጊዜ ከሰጡት ይሞላል። ጊዜውን ለመስጠት ሁለት እንቅፋቶች ነበሩ። ከ1851 ጀምሮ የተሠራበት የኮሎዲየን ሰሌዳ እርጥብ እንዳለ ተነስቶ እርጥብ እንዳለ መታጠብ ስለነበረበት ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ምድር ስለምትዞር ደግሞ ቴሌስኮፑ ሰማዩን ተከትሎ በእኩል ፍጥነት ካልዞረ ከዋክብቱ ሰሌዳው ላይ መስመር እየሳሉ ያልፋሉ። የመጀመሪያውን እንቅፋት ለማንሳት በር የከፈተው ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በ1871 በጀላቲን የሚሠራ ደረቅ ሰሌዳ አሳየ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎች አሻሽለውት ከእርጥቡ ይልቅ ብርሃን የሚቀበል፣ የፈለጉትን ያህል ሰዓት የሚታገስ ሆነ። ሁለተኛው እንቅፋት የሚነሳው በጥሩ የሰዓት መዘውርና በሰው ትዕግሥት ብቻ ነበር።

ሁለቱን ያገናኘው ሄንሪ ድሬፐር ነው። ድሬፐር የሕክምና ዶክተርና በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት አስተማሪ ሲሆን፣ ሰማይን የሚመለከተው በትርፍ ሰዓቱ፣ ሄስቲንግስ በተባለችው የሀድሰን ወንዝ ዳር ከተማ ባሠራው የግል ማዕከል ነው። ደረቁ ሰሌዳ ምን ያህል እንደተሻሻለ የሰማው በ1879 ለንደን ሄዶ ከሀጊንስ ጋር ሲገናኝ ነበር። በአንድ አገር ያለ አማተር ለሌላ አገር አማተር የነገረው ወሬ ነው የዘርፉን ታሪክ ያስጀመረው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1880፣ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ለ51 ደቂቃ ሰሌዳውን ከፍቶ የኦሪዮንን ኔቡላ አነሳ፤ በዓለም የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ ይህ ነው። ሥዕሉ ደብዛዛ ነበር፤ ደማቆቹ ከዋክብት ከልክ በላይ አብጠዋል፣ ከደመናውም የታየው መካከሉ ብቻ ነው። ድሬፐር ግን አልቆመም። በ1881 ጊዜውን ወደ 104 ደቂቃ፣ በማርች 1882 ወደ 137 ደቂቃ አሳደገው፤ መስታወቱ ያው ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ሰሌዳ አዲስ የደመና ጠርዝ ወጣ። ውጤቱን የለወጠው ጊዜ ብቻ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ሮኪ ተራሮች ለአደን ሄዶ ብርድ ከመታው በኋላ ታሞ በ45 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ሜሪ አና ድሬፐር ከ1886 ጀምሮ ለሃርቫርድ የሰጠችው ገንዘብ የ225,300 ከዋክብትን ኅብረ ቀለም የመደበውን፣ የባሏን ስም የያዘውን መዝገብ አስገኘ።

ከድሬፐር ሞት ሁለት ወር በኋላ ዱላውን የተቀበለው አንድሩ አይንስሊ ኮመን ነው። ኮመን በሙያው የቧንቧና የፍሳሽ መሐንዲስ ነው፤ ቴሌስኮፑ ያለው ደግሞ ለንደን አጠገብ ኢሊንግ በሚገኝ የቤቱ ግቢ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1883፣ 91 ሴንቲ ሜትር በሆነ መስታወት ለ37 ደቂቃ ያነሳው የኦሪዮን ሥዕል የድሬፐርን አስረሳ። ከዚህም በላይ፣ በማናቸውም ቴሌስኮፕ በዓይን ታይተው የማያውቁ ከዋክብት ሰሌዳው ላይ ተገኙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶግራፍ የዓይን ጸሐፊ ነበር፤ ዓይን ያየውን ይመዘግባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይን የማያየውን የሚያይ ምስክር ሆነ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1884 የወርቅ ሜዳሊያውን ለመሐንዲሱ ሰጠው። የቴሌስኮፑ ዕጣ ደግሞ ከሜዳሊያው ይልቅ ለክርክራችን ይጠቅማል። ኮመን ለኤድዋርድ ክሮስሊ ሸጠው፤ ክሮስሊ በ1895 ካሊፎርኒያ ለሚገኘው ለሊክ ማዕከል አበረከተው፤ ከ1898 ጀምሮ ጄምስ ኪለር በዚሁ መሣሪያ ኔቡላዎችን እያነሳ፣ ቀድሞ ከተገመተው በብዙ እጥፍ የሚበዙ መሆናቸውን ገለጠ። የባለሙያዎቹ የኔቡላ ፎቶግራፍ ዘመን የተከፈተው አማተር ከግቢው ነቅሎ በሸጠው ቴሌስኮፕ ነው።

ለመሆኑ ታላላቆቹ ማዕከላት ምን ይሠሩ ነበር? ሰነፎች አልነበሩም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው። ግሪኒች በ1675 የተቋቋመው መርከበኞች ያሉበትን ቦታ እንዲያውቁ ለመርዳት ነው፤ የከዋክብትን ቦታ መለካትና ሰዓት መጠበቅ ሌሊቱን ይሞላዋል። ፎቶግራፍ ሲበስልም ወደ ተመሳሳይ ሥራ ነው የገባው። በ1887 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሰዎች ሰማዩን በሙሉ በፎቶግራፍ ሊከፋፈሉ ተስማሙ፤ ካርት ዱ ሲየል የተባለው ይህ ውጥን ከአሥር የሚበልጡ ማዕከላትን ለአሥርት ዓመታት አስሮ ይዟቸው፣ ካርታው እንደታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። አሁን አይዛክ ሮበርትስን ይመልከቱ። ሮበርትስ ዌልሳዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ የሰሜኑን ሰማይ በፎቶግራፍ ለመክተብ አስቦ ከጀመረ በኋላ የፓሪሱ ስምምነት ሲመጣ ሥራውን ለእነሱ ትቶ ወደ ኔቡላዎችና ወደ ከዋክብት ክምችቶች ዞረ። በ51 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፑ በዲሴምበር 1888 ሰዓታት ፈጅቶ ያነሳው የአንድሮሜዳ ሥዕል ጠመዝማዛ ክንዶቿን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ሮበርትስ ራሱ ያየውን በመወለድ ላይ ያለ ሥርዓተ ፀሐይ መሰለው፤ ያነሳው ግን ሌላ ጋላክሲ ነበር። ትርጓሜው ወደቀ፣ ሰሌዳው ቆመ። የማዕከላቱ ሰዎች በስምምነት የታሰሩበትን ሥራ ሲፈጽሙ፣ ተቋራጩ ሐሳቡን በአንድ ቀን ሊለውጥ ቻለ፤ የነጻነቱ ዋጋ ይህ ነው።

ሊቃወም የሚችል ሰው አለ፤ ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በፓሪስ ማዕከል ተቀጥረው የሚሠሩት የሄንሪ ወንድማማቾች በኖቬምበር 1885 ፕሌያዴስ በተባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ፣ ማያ በተባለችው ኮከብ ዙሪያ፣ ማንም ያላየውን ኔቡላ በሰሌዳ ላይ አግኝተዋል። በኦሪዮን ያለውን የፈረስ ራስ የሚመስል ጨለማ ደመና በ1888 ያገኘችው የሃርቫርድ ሠራተኛዋ ዊልያሚና ፍሌሚንግ ናት፤ አስቀድሞ በማዕከሉ ኃላፊ በፒከሪንግ ቤት በአገልጋይነት የሠራች ሴት ስትሆን፣ በ1895 የታተመው መዝገብ ግኝቱን በፒከሪንግ ስም ጽፎ የእሷን አስቀረ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ግኝቶች እንዴት እንደመጡ ይታይ። ወንድማማቾቹ የከዋክብት ካርታ ሲሠሩ፣ ፍሌሚንግም ለሌላ ምርመራ የተነሱ ሰሌዳዎችን ስታጣራ ነው፤ ተቋም ኔቡላን ያገኘው በመንገዱ ላይ ነው። ሆን ብለው ደመና ፍለጋ የወጡት ሌሎች ናቸው። ማክስ ቮልፍ በዲሴምበር 1890 የሰሜን አሜሪካን ቅርጽ የያዘችውን ኔቡላ ሲያነሳ መሣሪያው ያለው ሃይድልበርግ፣ በሐኪም አባቱ ቤት ነበር። ኤድዋርድ ባርናርድ ለሊክ ቢቀጠርም ሙያውን ያመጣው ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ከሠራበት የናሽቪል ፎቶ ቤት ነው፤ በዓለም ትልቁ የሌንስ ቴሌስኮፕ አጠገቡ ቆሞ ሳለ፣ የሚልኪ ዌይን ደመናዎች ያነሳው የሰው ፊት ለማንሳት በተሠራ 15 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይነክሳል፦ እነዚህ ሰዎች አማተር ሳይሆኑ ሀብታም ነበሩ ይላል። ድሬፐር ባለጸጋ አግብቷል፤ ኮመንና ሮበርትስ ድርጅት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ከደመወዝ ነጻ የሆነ ሌሊት የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሌላም የሚጨመር አለ፤ ሌሊቱ የተገዛው በሚስቶችም ጉልበት ነው። ሜሪ አና ድሬፐር ሰሌዳውን በማዘጋጀት ከባሏ ጋር ታድር ነበር፤ ማርጋሬት ሀጊንስ በ1875 ስታገባ የፎቶግራፍ ዕውቀቷን ይዛ ገብታ የሥራው እኩል ባለቤት ሆናለች። ይሁንና ሀብት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ግሪኒች ከመንግሥት፣ ሃርቫርድ ከለጋሾች የሚያገኙት ይበልጥ ስለነበር እነሱ በቀደሙ ነበር። የእንግሊዝ መኳንንት ሁሉ ኔቡላ ባነሱ ነበር። ባርናርድ ደግሞ የድሃ ልጅ ነው። ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ለማን እንደሚታዘዝ ላይ ነው፦ ተቋሙ ላይ ለተጻፈ ዓላማ፣ የግል ግቢው ውስጥ ለባለቤቱ ጉጉት። የሀብቱ ክርክር ስለ ፍትሕ ብዙ ይናገራል፤ ፎቶግራፉ ለምን በእነዚያ ጓሮዎች እንደተጀመረ ግን አያስረዳም።

ከዚያ በኋላ አማተሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ደብቆ የሚያልፍ ታሪክ እምነት አይጣልበትም። ከ1908 በኋላ በዊልሰን ተራራ፣ ከ1948 በኋላ በፓሎማር የተተከሉትን መስታወቶች በጓሮ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የቀደሙት ሰሌዳዎች ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን እንጂ ቀይ አያውቁም ነበር፤ የመጀመሪያው ዕውርነት ይህ ነው፣ ድሬፐርም ኮመንም የሃይድሮጅንን ዋነኛ መስመር ሳያዩ ነው ኦሪዮንን ያነሱት። ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል በ1873 ሰሌዳን በቀለም ነክሮ የሚያየውን ብርሃን ማስፋት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ለሁሉም ቀለም የሚሠራ ሰሌዳ ለገበያ የቀረበው ግን በ1906 ነው፤ ለቀይ የተመቸ፣ ለሥነ ፈለክ የተለየ ሰሌዳም ቀስ ብሎ በማዕከላቱ እጅ ገባ። አውስትራሊያዊው ኮሊን ገም በ1955 የደቡቡን ሰማይ ከሰማንያ የሚበልጡ፣ አሜሪካዊው ስቱዋርት ሻርፕለስ በ1959 ከፓሎማር ሰሌዳዎች 313 የሃይድሮጅን ደመናዎችን የመዘገቡት በዚህ ኃይል ነው። የዛሬ አማተር የሚፈልገውን ኔቡላ የሚጠራው በእነዚሁ ሰዎች ቁጥር ነው፤ ዕዳው ዕዳ ነው። በዚያ ዘመን ጓሮው ውስጥ የቀረው ሰው ትግሉ ከፊልም ስንፍና ጋር ነበር፤ ደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲያገኝ ፊልም እየደነዘዘ ይሄዳል። አሪዞናዊው አማተር ኤቨረድ ክራይመር ፊልሙን በደረቅ በረዶ እያቀዘቀዘ በሜሲየር መዝገብ የተዘረዘሩትን የሰማይ አካላት አነሳ፤ ሌሎች ኮዳክ ቴክኒካል ፓን የተባለውን ፊልም ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን በተቀላቀለበት ጋዝ ውስጥ እያሞቁ ስሜቱን ያነቁት ነበር። አድካሚ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ከፓሎማር ጋር አይተያይም።

ሚዛኑን የመለሰው ሲሲዲ የተባለው የብርሃን መቀበያ ነው። በ1969 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ከተፈለሰፈ በኋላ ማዕከላቱ ቀድመው ወሰዱት፤ በ1990ዎቹ ወደ ጓሮ ወረደ። ፊልም ከሚደርሰው ብርሃን ጥቂት በመቶ ብቻ ሲጠቀም ይህ አብዛኛውን ይይዛል፤ አይደነዝዝም። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን ሥዕል መደራረብ መቻሉ ነው። አንድ ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ማንሳት ቀረ፤ አጫጭር ሥዕሎች ለየብቻ ተነስተው በኮምፒውተር ይደመራሉ፤ መቶ ሥዕል ሲደረብ በሥዕሉ ላይ ያለው ነሲባዊ ረብሻ ከብርሃኑ አንጻር ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የዛሬ ሳምንት የጀመሩትን ከወር በኋላ መቀጠል ይቻላል። ጊዜ እንደ ገንዘብ የሚጠራቀም ሆነ ማለት ነው፤ ጊዜ ደግሞ የአማተሩ ብቸኛ ሀብት ነው። ሁለተኛው ዕውርነት የመጣው እዚህ ላይ ነው። በገበያ የሚሸጠው ዲጂታል ካሜራ የቆዳ ቀለም እንዳይበላሽ ተብሎ በመቀበያው ፊት ማጣሪያ ተደርጎበታል፤ ማጣሪያው ያንኑ 656.3 ናኖሜትር አብዛኛውን ይከለክላል። አማተሮች ውድ ካሜራቸውን በገዛ እጃቸው ፈትተው ማጣሪያውን ማውጣት ጀመሩ፤ ካኖን በ2005 ለሰማይ የተስተካከለ ካሜራ ያወጣው ገበያው እንዳለ ስላሳዩት ነው። ለጋዙ መስመሮች ብቻ በር የሚከፍቱ ጠባብ ማጣሪያዎች ሲረክሱ ደግሞ የመንገድ መብራት ባሸነፈው ከተማ መሃል ሆኖ ኔቡላ ማንሳት ተቻለ።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህ ሁሉ ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በ1995 ሃብል ያነሳቸውን የንስር ኔቡላ ምሰሶዎች ያየ ሰው የሚያስታውሰው ቀለም በተፈጥሮ የለም፤ የሰልፈር ብርሃን ቀይ፣ የሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ የኦክስጅን ሰማያዊ እንዲሆን በሰው ተመድቧል። አማተሮችም ይህን ልማድ ተከትለው ቀዩን ሃይድሮጅን ወርቃማ ያደርጉታል። እኔ ግን በቀለም ምደባ ላይ የሚነሳው ቁጣ አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። የጂኦሎጂ ካርታ ላይ ቢጫ የተቀባ አገር ቢጫ አይደለም ብሎ የሚከስ የለም፤ ምደባው እስከተነገረ ድረስ ሥዕሉ ጋዞቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ነው። ዓይንን ዳኛ ማድረግም አያዋጣም፤ ዓይን በጨለማ ቀይን ስለማያይ በቴሌስኮፕ ኦሪዮን አረንጓዴ የመሰለ ግራጫ ነው፣ ዓይንም እንደ ድሬፐር ሰሌዳ የራሱ ዕውርነት አለው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሥዕል ለማጥራት የወጡ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች ከሌሎች ሥዕሎች በተማሩት መሠረት እዚህ ምን ሊኖር እንደሚገባ ገምተው ይሞላሉ። ያ ሲሆን ምስክሩ ሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ ተመልሶ ሣዪ ይሆናል፤ ሁይገንስና ሄርሸል የተቸገሩበት ጥያቄ፣ ማለትም ልዩነቱ ከሰማዩ ነው ወይስ ከእጁ የሚለው፣ እንደገና ይነሳል። በዚህ ነጥብ ተቃዋሚው ትክክል ነው።

ያም ሆኖ ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ነገር ባልተገኘበት ነበር። በጃንዋሪ 2004 ጄይ ማክኒል የተባለ የኬንታኪ አማተር በ7.6 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ኦሪዮን ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ የሚያንጸባርቅ ደመና አገኘ፤ ወጣት ኮከብ በድንገት ደምቆ ያበራው ነው። በ2008 ዴቭ ጁራሴቪች በሲግነስ ስብስብ የሳሙና አረፋ የምትመስል ክብ ኔቡላ አገኘ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የአንድሮሜዳው ነው። ከሮበርትስ ሰሌዳ ጀምሮ ከ130 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ የተነሳችውን ይህችን ጋላክሲ ያን ሴንቲ፣ ግዛቪየ ስትሮትነርና ማርሴል ድሬክስለር የተባሉ አማተሮች በ2022 የኦክስጅን ማጣሪያንም ጨምረው በጠቅላላው ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን አጠራቅመው ሲያነሷት፣ በአጠገቧ የጨረቃን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል የሚረዝም የጋዝ ቅስት ወጣ፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2023 አሳተሙት። ቅስቱ አንድሮሜዳ ዘንድ ይሁን ወይም በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ገና ያከራክራል። ታላላቆቹ ያላዩት መስታወት አንሷቸው አይደለም። ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ ጠባብ ነው፤ ሰዓቱም በማመልከቻ ይከፋፈላል፣ አመልካቹ ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ምንም ለማይጠበቅበት ባዶ ሰማይ 100 ሰዓት የሚፈቅድ ኮሚቴ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚተርፍ ተጨባጭ ነገር አለ። ኮመን የኦሪዮንን ኔቡላ ያነሳው ከለንደን አድማስ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ በምታልፍበት፣ ጭስ በበዛበት አየር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 75 ዲግሪ ደርሳ ከአናት አጠገብ ታልፋለች፤ የምታልፍበትም ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በእንጦጦ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ እነሱ የራሳቸው ሥራ አላቸው። ለኔቡላ የሚያስፈልገው ግን ከከተማ መብራት ራቅ ያለ ቦታ፣ ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያና ተራ ሌንስ ያለው ካሜራ ነው፤ የባርናርድ ሌንስም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። የሚጀምር ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ያማረውን ሥዕል ለሰው ከማሳየትዎ በፊት ያልተነካካውን ፋይል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ማጣሪያውን ጽፈው ያስቀምጡ።